ዘይነባ የማለችበት መግነዝ

የልጄ አባት ኃይሉ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ወባ ስትወስድህ ጣሊያን በዚህ በኩል ገና አላለፈም ነበር፤ አሁን ሸዋ ሮቢት ላይ ድንኳኑን ተክሎ መንገድ ያስቆፍራል። አስቴር የፊት ጥርሶቿን ጥላለች። የጓዳው በር አሁንም እንደተንጋደደ ነው፣ አትቆጣ። ፈረንጅ አገር የተማረ ሰው እየተለቀመ ነው ይባላል። ነውር ነው እንጂ፣ አንዳንድ ቀን እንኳን ቀድመህ ሞትክልኝ ብያለሁ።

ከሮቢ ወንዝ ጥቁር አሸዋ አፍሰን የመጣን ዕለት ትዝ ይልሃል? መግነጢስህን ስታስጠጋው አሸዋው ተነሥቶ እንደ ጢም በቀለበት። ባሕር ማዶ ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው፣ አዲስ አበባም ያስተማርከው ይህንኑ፣ ብረት ብረትን ለምን እንደሚስብ ነበር። እዚህ መጥተህም አላረፍክም። ከቀጥቃጩ ምድጃ ብረት እያጋልክ፣ ሲግል መሳቡን እንደሚተው ታሳየኝ ነበር። ለምን ይተዋል ስልህ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት እሱን ፍለጋ ነው ብለህ ሳቅክ።

ባለፈው ማክሰኞ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሁለት ወታደር አስከትሎ መጣ። የባልሽን መግነጢስ አምጪ አለኝ፤ ቦምብ ይሠራበታል ብለው ነግረውታል። ዕቃው ጎተራው ሥር ነበር። ጥጥ ነጋዴዋ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ቀደመችኝ። ጆሮዋን ታውቀዋለህ፤ መግነጢሱን መግነዝ ብላ ሰማችው። «ወላሂ፣ መግነዙንማ ለብሶት ተቀበረ! ሸማውን የሰጠሁት እኔው ነኝ። ደግሞ ከሬሳ ላይ ልትገፍፉ ነው?» ብላ ጮኸችበት። አስተርጓሚው አፈረ። ሲወጣ ግን አለቃውን ጠይቆ እንደሚመለስ ነገረኝ።

ከዚያ ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነሥቼ በሩን አያለሁ። ቤት ውስጥ ቢያገኙት አስቴርን ምን ያደርጓት ይሆን? ወንዝ ልጥለው ሄጄ እጄ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ የዘይነባን መሐላ እውነት አደረግሁት። ጎርፍ የመቃብሩን ድንጋይ አናግቶታል፣ ላስተካክል ብዬ ቄሱን አስፈቅጄ፣ መግነጢሱን ራስጌህ ቀበርኩት። ዕረፍትህን ስለነካሁ አትቀየመኝ። ከአንተ ሌላ የማምነው ሰው አጣሁ።

ይህም አላሳረፈኝም። ለአስቴር ቦታውን ብነግራት ልጅ ናትና ያመልጣታል። ባልነግራት፣ እኔ አንድ ነገር ብሆን የደከምክበት ሁሉ አፈር ሆኖ ይቀራል። ስፈራ ስቸር ሰነበትኩና ትናንት ነገርኳት። እጄን አጥብቃ ያዘች። ማታ ለጎረቤት እንዳታወራ ፈርቼ አፏን አፏን ሳይ አመሸሁ፤ አንዲት ቃል አልወጣትም።

ይህን ወረቀት ጽፌ ስጨርስ አቃጥለዋለሁ። ወረቀቱ ይቃጠል። እኔ አልረሳህም፤ እኔ ባልኖር የምታስታውስህ አለች።

አልማዝ