በሙሉ «አይምሮዬ»

አባዬ፣

አፈር ከለበስክ ስምንት ወር ሆነህ። ባኬ ጃማ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ በሩ ላይ ግን አዲስ ቁልፍ ገብቷል፣ እሱም ግርማ ኪስ ውስጥ ነው። ወንድሜ ሙት ዓመትህን እንኳን አልጠበቀም። በአርባህ ማግስት ኑዛዜ ነው ብሎ ወረቀት መዘዘ።

«ልጄ አልማዝ ስላልጦረችኝ ከውርስ ነቅያታለሁ» ይላል። ሁለት ዓመት ያጠብኩህን፣ መዋጥ ስትረሳ ጉንጭህን እየዳበስኩ ያጎረስኩህን እኔን!

ሲጀምር «በሙሉ አይምሮዬ» ብሎ ነው። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርከው ሰውዬ! «አይምሮ» ብሎ የጻፈ ተማሪ አእምሮውን ቤቱ ረስቶ መጥቷል እያልክ ማርክ ትቀንስ አልነበር? እኔንም ቀንሰህብኝ አልቅሻለሁ። ደህና ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትጠይቀው ቀይ እስክሪብቶ ነበር።

ያ የሚያምር ፊርማህም የለበትም፤ የጣት አሻራ ነው። ቀኑ ትዝ አለኝ። ግርማ ትንሽ አየር ይቀበል ብሎ በባጃጅ ወሰደህ፤ እኔ ሞኟ መረቅሁት። ስትመለስ አውራ ጣትህ ሰማያዊ ሆኗል። የሆነ ቀለም ነክተህ መስሎኝ በሳሙና ፈትጌ አጠብኩልህ። አንተም እጅህን ዘርግተህ «አዮ» አልከኝ፤ አርጆ ከተማ የቀበርካትን እናትህን በልጅነትህ ኦሮምኛ የምትጠራት እንደዚያ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ሌላ ስም አልነበረኝም። ወረቀቱ ግን ልጄ ይለኛል፣ ከነስሜ።

አራት ምስክሮች «ተነቦላቸው፣ ተረድተው» ብለው ፈርመዋል። አንደኛው ለቅሶህ ላይ ደረቱን ሲመታ የነበረ ነው። መንገድ ላይ ሲጨብጠኝ እጄን መታጠብ ያምረኛል።

ኑዛዜው ይፍረስልኝ ብዬ ስለከሰስኩ፣ አሁን ደግሞ ሽማግሌ ልከውብኛል። የሞተ አባትሽን ችሎት ፊት አእምሮውን ስቶ ነበር ብለሽ ልታዋርጂው ነው ወይ ይሉኛል። ግርማ የተማመነው በዚሁ በማፈሬ ነው። አዎ አፍራለሁ። ሱሪህን ገልብጠህ መልበስህን፣ መስታወት ውስጥ ያየኸውን ሰው ቡና ግባ ማለትህን ለባዳ መዘርዘር ያስጠላኛል። ግን ልጁን የረገመ አባት ሆነህ እንድትቀር አልፈቅድም።

ማክሰኞ ችሎት እቆማለሁ። ዳኛው ማን ብሎ ይጠራሽ ነበር ካሉኝ፣ አባቴ እናቴ ይለኝ ነበር እላለሁ። እናት ደግሞ ልጇን አትረሳም፤ አልረሳህም፣ አባዬ።

ልጅህ አልማዝ