ምላጭ የገባበት የሥዕል ጥራዝ

ሱሌ፣

ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። አቦ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ? እትዬ ማዘንጊያ የሟች ባላቸውን የሥዕል ጥራዝ ፎቶ አንሥተን ኮምፒውተር ላይ እንድናስቀምጥላቸው ሲሰጡን፣ "አደራ ልጆቼ" ነበር ያሉን። አንተ ግን ገጹ መሃሉ ላይ እየጎበጠ ሥዕሉን አጣመመብኝ ብለህ እስከ ግማሹ ከስፌቱ ቆራረጥከው!

ባላቸው እሳቸውን በሙሽርነታቸው የሣሉበት ሥዕል ሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋ ነበር። ፊታቸው ለሁለት ተከፍሏል። አስጠላኸኝ።

የቀረውን እንዳትቆርጥ። ጥራዙን በግድ አትለጥጠው፤ ገርበብ አድርገህ ክፈትና ሽፋኑን ከሥር በትራስ ደግፈው። ካሜራውን ከገጹ ፊት ለፊት አቁመህ ቀኙን ለብቻ፣ ግራውን ለብቻ አንሣ። የተረፈውን ጉብጠት ኮምፒውተሩ ላይ እናቃናዋለን።

ይህን ሳላሳይህ ወደ ሥራ መሄዴ የኔ ጥፋት ነው።

ምላጩ ግን ያንተ ነው።

አሁን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ እሳቸው ቤት እየሄድኩ ነው። ሥዕሉ መቆረጡን እነግራቸዋለሁ፤ ማን እንደቆረጠው ግን አንተው መጥተህ ንገራቸው።

ምሳህ ድስት ውስጥ አለ። ዛሬ ካንተ ጋር አንድ ትሪ ላይ እጄን መስደድ አልችልም።

ኒቆዲሞስ