የቨርጂል አዳራሽ የነበረበት መንገድ

ሬኖ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሴፕቴምበር 17

ለምወድህ ልጄ ለዌስሊ፣

እንደምን ሰነበትክ? የአላስካ ባሕር ሳይከፋ ዓሣ ማጥመዱን ጨርሰህ እንደምትወጣ ተስፋ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ።

መንገዳችንን ብታየው አታውቀውም። ቁማር ቤቶቹ ተዘግተው እርግብ ብቻ ይሰፍርበት የነበረው ሁሉ መብራት በመብራት ሆኗል። ታድሶ ትናንት ተመረቀ። ምግብ ቤቴ ሲሞላ ዋለ።

ስለ ቨርጂል በየደብዳቤህ ትጠይቀኛለህ፤ ዝም ያልኩህ ረስቼ አይደለም። አንተን ከበሮ ያስተማረበት አዳራሹ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ከተማው ስብሰባ ጠርቶ፣ አዳራሹ ይፍረስ ወይስ ይቅር፣ ጎረቤቱ ነሽና ምን ትያለሽ ሲሉኝ፣ "እንግዳ መኪናውን የሚያቆምበት ካጣ አይመጣም" አልኩ። ቨርጂል ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። በዚያው ጸደይ፣ ከስብሰባው በፊት፣ እንድንጋባ ጠይቆኝ፣ "ላስብበት" ብዬው ነበር። ይኼን እንደ መልሴ ሳይቆጥረው አልቀረም።

በማግስቱ እንደ ወትሮው ለቁርስ መጣ።

"ተቆጣኝ እንጂ" አልኩት።

"እንቁላሉ በርዷል፤ በእሱ ልቆጣሽ?" ብሎ ሳቀ። ቆይቶ ደግሞ፣ "አንቺም መኖር አለብሽ፣ ኮሪን" አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጓዙን ጠቅልሎ ኤልኮ ከተማ እኅቱ ዘንድ ገባ።

ለምርቃቱ ደውዬ ለመንኩት። "ብቻ ና፣ ቦታ ይዤልህ እጠብቅሃለሁ" አልኩት። መጣ፤ ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ። እኔ ግን ግርግሩ ሲበዛብኝ ጠረጴዛውን ለሌሎች ሰጥቼው ነበር። አዲሷ አስተናጋጅ አታውቀውም።

"አባባ፣ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ውጭ ይጠብቁ" አለችው።

በመስኮት አየሁት። እጄ ላይ ሁለት ሳህን ነበር፤ አስቀምጬ መውጣት እችል ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ባርኔጣውን አነሣልኝና በመኪኖቹ መሐል ሾልኮ ሄደ።

"የሚያውቁት ሰው ነው እንዴ?" አለችኝ ልጅቷ።

"የድሮ ደንበኛ ነው" አልኳት።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዛሬ ገበያው የሚደራበት ቀን ቢሆንም ቤቱን አልከፈትኩም፤ ኤልኮ ልሄድ ነው። ምን እንደምለው አላውቅም። በሩን ባይከፍትልኝም አንተ አትፍረድበት።

ፈጣሪ ከማዕበል ይሰውርህ፣ ልጄ። በደህና ያግባህ።

እናትህ ኮሪን