ለጋሼ ጠይብ የነገርኩት

ልጄ ራህማ፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ይህን የምጽፍልሽ፣ ከሥራ መቀነስሽን ለማንም እንዳልናገር ያስገባሽኝን ቃል ማፍረሴን ከራሴ እንድትሰሚ ነው። እኛ ደህና ነን፤ የሚያፈሰውን ጣሪያም አስጠግነናል።

ሐሙስ ዕለት ሰባተኛ ሰፈር ወደሚገኘው የጋሼ ጠይብ ጨርቅ ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ሰዓድ አንቺ ባለሽበት ዶሃ ፋርማሲ ያስተዳድራል።

«ደግሞ ለልመና መጣሽ?» ብለው ቀለዱብኝ።

ከሥራ መቀነስሽን ነገርኳቸውና «ጋሼ፣ እርስዎ ያለ ዋስ ሰው ቀጥረው ያውቃሉ?» አልኳቸው። ሳቁና እዚያው ለሰዓድ ደውለው፣ እንደሚያውቁን መስክረው ስልኩን ሰጡኝ።

ለሰዓድ አራት ዓመት መድኃኒት ቤት መሥራትሽን ነገርኩት። ቶሎ እንደምትቆጪም አልደበቅኩም።

«ሌላ እናት ብትሆን መልአክ ናት ትለኝ ነበር» አለና ሊያነጋግርሽ ፈቀደ።

እንደምታፍሪ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አላፈርኩም፣ ይቅርታም አልጠይቅሽም። ሥራ ካላገኘሽ የመኖሪያ ፈቃድሽ በሐምሌ ያበቃል፤ ይሉኝታ ደግሞ ፈቃድ አያድስም። የሚያውቀን ሰው ስለ እኛ እውነቱን እንዲናገር መጠየቅ መብታችን ነው።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ። የሰዓድን ስልክ ቁጥር ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እባክሽ የሥራ ልምድ ማስረጃሽን እስከ ሰኔ አሥራ ሁለት ለሰዓድ ላኪለት።

እናትሽ ምስራ