ከሊዝበን የተመለስኩበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለመምህር ተክለማርያም፤

አባዬ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የአሰላ ብርድ እንደከፋ እህቴ ጽጌወይን በስልክ ነግራኛለች። ያንን የላክሁልዎትን ካፖርት ይለብሱታል ወይስ እንደ ልማድዎ «ለክብር ቀን» ብለው ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል? አዲሱ መነጽርስ ተስማማዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክትባቱን ሁለት ጊዜ ተወግቻለሁ፤ የሆቴሉም ሥራ ተመልሷል፤ አልጋ ማንጠፍ ወገቤን ቢያደክመውም ሥራ ፈትቶ ቤት ከመቀመጥ ይሻላል። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ እንዳልጽፍ ግን ዛሬ መዋሸት አልፈልግም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ አይናለም ናት፤ እኔ ካለሁበት ከፍ ብሎ ካለው ፎቅ የምትኖር፣ ለገና አገር ቤት የምትገባ ልጅ። አደራ፣ ሳትበላ እንዳትሄድ። ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት፣ ስልኩን ሲያነሡ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ሳልጠራው ስለሚቀድመኝ ነው። አባዬ፣ ጥቅምት ላይ ልመጣ ተነሥቼ፣ ሊዝበን ላይ በረራው ተሰረዘ ያልኩዎት ውሸት ነው። አልተሰረዘም። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ሄዷል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ይቆጡኝ፤ ግን እባክዎን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

በሊዝበን እንደማልፍ ሲሰሙ እርስዎ ራስዎ ነበሩ የቤት ሥራ የሰጡኝ። «ቀኑን ሙሉ አየር ማረፊያ ተጎልተሽ ከምትውዪ፣ ወንዙ ዳር የፖርቱጋል መርከበኞች ሐውልት አለ፤ ከመሀላቸው ፔሮ ዳ ኮቪላን ፈልገሽ ፎቶ አንሺልኝ» አሉኝ። በታሪክ ፈተና ከመቶ ሠላሳ ስምንት ላመጣች ልጅ! ጡረታ ወጥተውም አልተዉኝም። ግን ይመኑኝ፣ ሰውዬውን አልረሳሁትም። የዛሬ አምስት መቶ ዓመት የአገሩ ንጉሥ ልኮት እኛ አገር የገባ፣ ነገሥታታችን ርስትም ሚስትም ሰጥተው ግን «መመለስ የለም» ያሉት፣ ከስንት ዘመን በኋላ የአገሩን ሰዎች ሲያይ ያለቀሰው ሰውዬ። እርስዎ ክፍል ውስጥ አለቃቀሱን ሲያሳዩን እኛ በሳቅ እንሞት ነበር።

እናም ሄድኩልዎ። ወንዝ ይበሉት እንጂ ባሕር ነው፤ ማዶው በደንብ አይታይም። ሐውልቱ በመርከብ አምሳል የተሠራ ትልቅ ነገር ነው፤ አፍንጫውን ወደ ውኃው ቀስሯል። ጫፉ ላይ አንድ ልዑል ትንሽ መርከብ በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ሌሎቹ በግራና በቀኝ ሽቅብ ይከተሉታል። መጀመሪያ ምን እንዳደረግሁ ልንገርዎ? በጣቴ አንኳኳሁት። ይሳቁብኝ! እኔ የምኖርበት ላስ ቬጋስ ፒራሚዱም የሌላ አገር ነው፣ የፓሪሱም ማማ ቅጂ ነው፤ ካዚኖ ደጃፍ የቆመው ሐውልት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። የሊዝበኑ እውነተኛ ድንጋይ ነው፤ ጣቴን አመመኝ።

ስልኬ ላይ ካለው ሥዕል ጋር እያስተያየሁ ሰውዬዎን በምዕራቡ ጎን አገኘሁት። እሱን አንሥቼ ወደ ኋላ ስሄድ ግን አንዲት ሴት አየሁ። ከሠላሳ ሦስቱ ሰዎች ሴቷ እሷ ብቻ ናት፤ ያለችውም ከሰልፉ መጨረሻ አካባቢ ነው። ማን ናት ብዬ ሳነብ፣ የዚያ ጫፍ ላይ የቆመው ልዑል እናት። እሱ ወደ ውኃው ያያል። ዞር ቢል እንኳ ያ ሁሉ ሰው መሀል ስላለ አያያትም። እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባዬ፣ እማዬ በሰኔ 2012 ስታርፍ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ደበቁኝ። ምክንያትዎ ይገባኛል፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በዚያ በሽታ ጊዜ ደግሞ ሰው ቤት ገብቶ የሚያረዳ የለም። ግን በደወልኩ ቁጥር «ተኝታለች» ይሉኝ ነበር። እኔም «አይቀስቅሷት፣ ትረፍ» እል ነበር!  በኋላ የዕድራችን ሊቀመንበር ንጉሤ ሁለት ሴቶች አስከትሎ በማለዳ መጣ። ወደ መኪና ማቆሚያው ጠርተው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ስድስት ጫማ ርቀው ቆመው አረዱኝ። ስወድቅ ሊያነሡኝ አንድ እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። እነሱም አለቀሱ፤ ግን ማንም አልነካኝም። ምግቡን ደጃፌ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዬን ነኝ አባዬ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ሊዝበን ላይ ጥቁር ቀሚሴ በትከሻ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እናንተ ዘንድ ስደርስ ጎረቤቱ በር ላይ ተሰብስቦ «ወይኔ ስሜነሽ!» እያለ የእማዬን ስም እየጠራ እንደሚቀበለኝ አውቄ ነበር የተነሣሁት። እዚያች ሴት እግር ሥር ስቀመጥ ግን ፈራሁ። ካልደረስኩ እማዬ ተኝታለች፤ ከደረስኩ ሞታለች። እንደ ሕፃን እንዲህ አሰብኩ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ አየር ማረፊያ መመለሻዬ ነበር፤ አልተነሣሁም። ከዚያ ደውዬ ዋሸሁዎት። እርስዎም «ይሁን ልጄ፣ ለበጎ ነው» አሉኝ፤ ድምፅዎ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ለጥር መጨረሻ ትኬት ቆርጫለሁ፤ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሰሞን ሆቴሉ ስለሚጨናነቅ ፈቃድ አይሰጡንም እንጂ ከአይናለም ጋር እመጣ ነበር። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። የዚያን ዕለት ሰው አይሰብስቡ። በሩን እርስዎ ይክፈቱልኝ። «እማዬስ?» ብዬ እጠይቅዎታለሁ፤ ያን ጊዜ እጄን ይያዙና እርስዎ ራስዎ ያርዱኝ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱም ይግባ፣ ለቅሶውም ይሁን።

ጽጌወይንን ይሳሙልኝ፤ ውሸቴን ስትሰማ መጮኋ አይቀርም፣ እርስዎ ያብርዱልኝ። ባሏን ሐዲስን ሰላም ይበሉልኝ፤ ጣሪያውን ስለጠገነልዎ እግዜር ይስጠው። ለልጃቸው ለትንሿ ፋናዬ ጫማዋን ይዤላት እመጣለሁ፤ እግሯ እንዳያድግ ይንገሩልኝ። የሰውዬዎ ፎቶ ከዚህ ጋር አለ።

እርስዎ እስኪነግሩኝ ድረስ፣ እማዬንም ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ብርቅታይት ተክለማርያም
ዊንቸስተር፣ ላስ ቬጋስ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.