ምድጃውን ከደጅ አታስገባ

ወንድሜ ኒካኖር፣

በሰኔ ብርድ ለሚውለው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ጸሎት ወደ ያጓሮን ከተማ ሄጃለሁ፤ እስከ እሑድ አልመለስም። ቋሊማውና የተቀቀለው ካሳቫ ተከድኖ ተቀምጦልሃል።

የጥብስ ምድጃውን በግቢው መካከል፣ ከግድግዳው አርቀህ በደልዳላ መሬት ላይ አቁመው። በተያያዘ ከሰል ላይ ነጭ ጋዝ ከቶ አታፍስስ። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ታገሥ፤ አመዱንም ውኃ ሳታጠጣው አትተኛ።

ብርዳሙ የደቡብ ነፋስ ቢበረታም ምድጃውን ወደ ቤት አታስገባ። ፍም ባይጨስም ይገድላል።
እለምንሃለሁ።

ትናንት በሩን ዘግተህ፣ ምድጃውን ከእግርህ ሥር አድርገህ አንቀላፍተህ አገኘሁህ። ደጋግሜ ብጠራህ አልነቃህም።
በመጨረሻ ዓይንህን ስትገልጥ፣ ወደ አፌ የመጣልኝ የዘንባባው ነገር ብቻ ሆነ። ባለቤትህ፣ እኅቴ አፖሎንያ፣ ከማረፏ በፊት ለሆሳዕና የታታችውን ዘንባባ እሳት ማያያዣ አደረግኸው ብዬ ጮኽሁብህ። አንተም፣ «ኧረ ጋሼ! የተባረከ ነገር ቶሎ ይያያዛል ብዬ ነዋ!» ብለህ ሳቅህ።

እኔ አልሳቅሁም።

በሥርዓቱ ከሆነ ያረጀ የተባረከ ዘንባባ ይቃጠላል እንጂ አይጣልም። ስለዚህ አልበደልህም። አፖሎንያም ብትኖር እግርህን ብርድ ከሚመታው ዘንባባዋ ቢነድ ትመርጥ ነበር።

ከዚህ ቤት አንድ ሰው ቀብረናል። ደክሞኛል፣ ኒካኖር።

ከበሩ በላይ የቀረው ዘንባባ የእኔ ነው። ከሰሉ አልያያዝ ካለህ እርሱን ውሰድ።
በደጅ ግን።

ኤውሴቢዮ