ሽንፋን የምሻገርበት ታንኳ

ሰኔ 22፣ እሑድ፣ ጠዋት 1፡30

የሰሊጡን ዘር ዛሬም አውጥቼ አሰጣሁት። ሦስተኛ ቀኔ። አየር ካላገኘ ይሻግታል። ዘሩ እዚህ፣ ማሳው ማዶ፣ መሀል ላይ የሽንፋ ወንዝ። ትራክተሩ ግንቦት ላይ፣ ውሃው ሳይመጣ አርሶልኝ ወጥቷል። ዘንድሮ ወንዙ ቀድሞ ሞላ። እኔ ደግሞ ዘገየሁ። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምናገረው ደብተሬ፤ ሰው ሲጠይቀኝ በወንዙ ነው የማሳብበው።

አምና ባሌ ደምሌ ታሞ ጎንደር ስንመላለስ መሬቱ ጾሙን አደረ። ዘንድሮም ካደረ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ቀበሌ ጠርተው ፊት ለፊት ነግረውኛል። ደምሌ አሁንም ጎንደር እህቱ ቤት ነው፣ በምርኩዝ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩ የእኔ ነው። ለመዝራት ቢበዛ አሥር ቀን ቢቀረኝ ነው።

ከሰዓት ሐጂ እድሪስ ሱቅ እሄዳለሁ። ታንኳ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

11፡00

እምቢ አሉ። ታንኳው አለ፤ ስድስት የናፍጣ በርሜል ተጠፍሮ፣ ከላዩ ሳንቃ። ቀዛፊያቸው ግን አብደራፊ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፣ እሳቸው ጭነት የመግፋት ጉልበት የላቸውም፣ ያለ ቀዛፊ አያከራዩም። ራሴ እቀዝፋለሁ አልኩ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። ዋና እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። እችላለሁ አልኩ። (እችላለሁ። ትንሽ።)

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ሐጂ በመጨረሻ እሺ አሉ። ውላችን፦ ሦስት ቀን ባዶውን ታንኳ እሳቸው እያዩኝ እመላለሳለሁ። ካልሆነልኝ ይቀራል። ካቦዬ ሙሉ አብሮኝ ይሳፈራል። ጎጃሜ ነው፣ አምስት የቀን ሠራተኞች ይዞ መጥቶ ዘሩ እስኪሻገር ከእኔ ጋር ይጠብቃል። ውሃ ይፈራል። ይሳፈራል ግን።

ዛሬ የተማርኩት፦ ሽንፋ የሚሞላው እዚህ በሚዘንበው አይደለም። ቀን ደጋው ላይ፣ አለፋ ከዘነበ፣ እኛ ጋ ሲመሽ ይሞላል፤ ሲነጋ ይጎድላል። ሐጂ በየቀኑ አለፋ ላለ ደንበኛቸው እየደወሉ ዘነበ ወይ ይላሉ። ዳር ላይ የተከሉት እንጨት አለ፣ ውሃው የደረሰበትን በቢላዋ ምልክት ያደርጉበታል። ስንት ዓመት ሙሉ የከብት ማሰሪያ ይመስለኝ ነበር።

እጄ ተላጧል። የታንኳውን መግፊያ ቀርከሃ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ኋላ ነው የሚገፉት። ነገ አሳያቸዋለሁ።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ፣ ጠ. 12፡15

የማይረባ ነገር ሠራሁ። ትናንት አመሻሽ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ታንኳውን ቁርቁራው ዛፍ ላይ አሰርኩት። አሳጥሬ፣ አጥብቄ፣ የአህያ ጭነት እንደማስር። ዛሬ ስንደርስ ውሃው ወርዷል። ታንኳው ገደሉ ላይ በገመዱ ተንጠልጥሏል። አንዱን በርሜል ድንጋይ ቀዶታል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ፤ እግዜር ይስጠው።

4፡00

ሐጂ መጡ። ማነው ያሰረው አሉ። ሙሉ እኔ ነኝ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። እኔ ነኝ። በርሜሉን ጎንበስ ብለው አዩት። በቃ ሊወስዱብኝ ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ሳቁ። እሳቸው በጀመሩበት ዓመት ታንኳቸው እንዳለ ተበጥሶ ሱዳን ወርዶባቸዋል። ቀዳዳውን በልብስ ሳሙና ደፈንን፣ በላዩ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ጠቀለልንበት። ገመዱን አስረዝሚው፣ ውሃው ሲወርድ አብሮ ይውረድ አሉኝ። ሌላ ቁጣ የለም።

አንድ ቀን ተጨመረብኝ። ይገባኛል።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ሐጂ ፈቀዱ! ሰኞ እሻገራለሁ።

ደምሌ ደወለ። ሰምቷል። ተይው አለ። ማዶ ላለው ጎረቤት የእኩል እንስጠውና አንቺ ጎንደር ነይ። ውሃ ቢወስድሽ እኔ ለማን ነው የምኖረው አለኝ። ወደድኩት። በዚያው ተናደድኩበት። የእኩል የተሰጠ መሬት በጤና ሲመለስ አላየሁም። አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁት። አላሰብኩበትም።

ሰኔ 30፣ ሰኞ፣ ጠ. 1፡00

ዘሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተጭኗል። ሠራተኞቹ ተሳፍረዋል። ትናንት ኔትወርክ ስለጠፋ ሐጂ አለፋ መደወል አልቻሉም። እንጨቱ ላይ ውሃው ዝቅ ብሏል። ሙሉ ቸኩሏል፦ «እትዬ፣ ኧረ ውሃው ተኝቷል፣ እንለፍ እንጅ!»

እኔ ግን ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ ተንሳፍፎ ሲመጣ አያለሁ። ውሃ ሲጎድል ቆሻሻውን ዳር ትቶ ይወርዳል። ሲሞላ ነው ከዳር ጠርጎ የሚያመጣው። ውረዱ አልኩ። አጉረመረሙ። አንዱ፣ ሴት ቀዛፊ! ብሎ ምራቁን ተፋ። ደሜ ፈላ። ውረዱ አልኩ እንደገና።

3፡00

ውሃው መጣ፤ ደጋው ላይ ሌሊቱን ዘንቦ ኖሯል። ትልቅ ግንድ ከነሥሩ አለፈ፣ እኛ ልንሻገርበት በነበረው በኩል። ሰዎቹ ሳላዛቸው ዘሩን ማውረድ ጀመሩ። (ነገርኳችሁ ማለት አምሮኝ ነበር።)

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡00፣ ማዶ

ተሻገርን። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ዘሩ፣ ሰዎቹ፣ ዱቄቱ። በመጨረሻው ዙር ሐጂ ታንኳቸውን ሊመልሱ ተሳፈሩ። ቀርከሃውን አልነኩብኝም። መሀል ላይ ወንዙ ሲጎትተን እሳቸው ዱዓ ያደርጋሉ፣ እኔ እገፋለሁ። ፈርቼ ነበር። ትናንት የተፋው ልጅ ሲወርድ ጀሪካኔን ተሸከመልኝ።

መዝራት ጀምረናል። ሙሉ ከፊት እየበተነ ይሄዳል። አፈሩ ደግ ነው፣ እርጥቡ ልክ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አረም ይነሳል። አሁን ብመለስ ለአረሙ ደግሞ ወንዙን ልለምነው ነው። አሮጌው ዳስ ጣራው ያፈሳል፤ በላስቲኩ እሸፍነዋለሁ።

ሐጂ ሁለት መንገደኞች አሳፍረው ገመዱን ፈቱ። ነይ እንጅ አሉኝ። አልተነሳሁም። ትንሽ አዩኝና ለደምሌ ምን ልበለው አሉ።

ደኅና ናት በሉት አልኳቸው። ትመጣለች ግን እንዳትሉት።